ወንዝ የተሻገረው ቀፎ

አንድ ባለ ቀፎ ሰው ነበረ።

ቆይ፣ ጥያቄሽን አልረሳሁትም። ሻዩን ተይውና ቁጭ በይ፣ ትርንጎ። «ጋሼ፣ ማንም አልሞተብኝ። ከጭቃ ቤት ወጥቼ ኮንዶሚኒየም ገባሁ። ሰው ሁሉ እንኳን ደስ ያለሽ ይለኛል። ታዲያ የማለቅሰው ለምንድን ነው? አብጄ ነው ወይስ ምስጋና ቢስ ሆኜ?» ነው ያልሽኝ። ሰፈራችን ሳይፈርስ የዕድሩ ዳኛ ሆኜ ስንት ዘመን ስቀመጥ ብዙ ጥያቄ ሰምቻለሁ። አብዛኛው ስለ ድንኳንና ስለ ወንበር ነበር። ያንቺን የመሰለ ጥያቄ ስንት ጊዜ ይመጣል? ስለዚህ በአንድ ቃል መልሼ አልሄድም። ስገባ በር ላይ ያስቀመጥኩትን የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍም አሁን አትጠይቂኝ። የእሱም ተራ ይደርሳል።

አንድ ባለ ቀፎ ሰው ነበረ አልኩሽ። የሚኖረው ከትልቅ ገደል ሥር ነበር። አባቱም እዚያው ኖረው እዚያው አርጅተው ሞቱ። ከጓሮው አንድ ዋንዛ ቆሟል፤ ከዋንዛው ሥር በእበትና በጭቃ የተመረገ ቀፎ ተጋድሟል። ቀፎው የአባቱ ነው። ሰውየው እርሻም ፍየሎችም ነበሩት፤ አገሩ የሚጠራው ግን «ባለ ቀፎው» ብሎ ነበር። በጥቅምት ማር ሲቆርጥ ሽታው ከመንገድ ላይ ይቀበልሻል። ሴት ስትወልድ ማር የሚላክላት ከእሱ ቤት ነው። ሁለት ሰዎች ተጣልተው ሲታረቁም የዕርቁ ጠጅ የሚጣለው በእሱ ማር ነው።

አንድ ክረምት ዝናቡ ከልክ አለፈና ገደሉ ተሰነጠቀ። ሽማግሌዎች ወጥተው አዩትና «ከዚህ ሥር ያለ ሰው ሁሉ ይነሣ» አሉ። ሰውየውም ናዳው ሳይወርድ፣ ማንም ሳይጎዳ፣ ከነሚስቱ ከነፍየሎቹ ተነሣ። ከወንዝ ማዶ መሬት ተሰጠው። አዲሱ ቦታ ከአሮጌው ይሻላል፤ ይህን እኔም አልክድም። ውኃው ቅርብ ነው፣ ፀሐይ ማልዳ ትደርሳለች፣ በመስከረም አደይ አበባው ከደጃፍ ይጀምራል። ቤቱ አዲስ ቆርቆሮ ለብሷል። መንደርተኛው እየመጣ «እንኳን አወጣህ! እንኳን ደስ ያለህ!» አለው። እሱም «አሜን፣ አሜን» አለ። ሌላ ምን ይበል? በሰው ፊት በአዲስ ቤት አይለቀስም።

ቀፎውን ከሁሉ በኋላ አነሣው። ቀፎ ማንሣት ወግ አለው። ሲመሽ፣ ንቡ ሁሉ ከገባ በኋላ፣ አፉ በእበት ይደፈናል፤ ከዚያ ሳያንገጫግጩ ቀስ ብለው ይሸከሙታል። ሰውየው ይህን አሳምሮ ያውቃል። ከአንድ ጎረቤቱ ጋር በወሳንሳ ተሸክመው አሻገሩት። በአዲሱ ጓሮ፣ ከጥላ ሥር፣ አፉን ወደ ፀሐይ መውጫ አድርጎ አስቀመጠው። ጠዋት እበቱን ሲያነሣ ንቦቹ እንደ ልማዳቸው እየተመሙ ወጡ። ቆሞ አያቸውና ከተነሣ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አለው።

ማታ ግን የተመለሱት ጥቂት ነበሩ።

ወንዙን ተሻግሮ ሄዶ ያገኛቸው ከዋንዛው ሥር ነው። ቀፎው ተጋድሞበት ከነበረው ባዶ መሬት ላይ፣ እርስ በርስ ተቃቅፈው፣ የሌለ በር ይፈልጋሉ። ብርድ የመታቸው ብዙዎች መሬት ላይ ረግፈዋል።

ሰውየው ተናደደ። «ምን ጎደላችሁ?» አላቸው። «ውኃ አጠገባችሁ፣ አበባ ደጃችሁ! ስንት ንብ ይህን አጥቶ! ምስጋና ቢሶች!» አየሽ፣ አንቺ ራስሽን ያልሽውን ነው እሱ ንቦቹን ያላቸው። ንብ ተወቅሶ ቤት ሲገባ ግን አይቼ አላውቅም።

በማግስቱም እንደዚያው ሆነ። በሦስተኛው ቀን ሰውየው ልማዱን ሁሉ ረሳ። እንዳይወጡ ብሎ የኩበት ጭስ ለቀቀባቸው፤ ውስጥ የነበሩትም በጭሱ ተረበሹ። ምን ሆነው ይሆን ብሎ ቀፎውን በየቀኑ ከፍቶ ጎረጎረ፤ የተሠራውን የማር እንጀራ ሰበረባቸው። አንዱ ጎረቤት መጥቶ «ዓይን ነው፤ ማርህ ብዙ ሰው አስጎምጅቷል» አለው። ሌላው ደግሞ «ምን ያደክምሃል? ያለውን ማር ቁረጥ፣ ንቡን በእሳት ፍጀውና ሌላ ቀፎ ስቀል» ሲል መከረው። ይህኛው ምክር ከሰውየው ልብ ገባ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? የአባቱን ንብ በእጁ ሊፈጅ ቆረጠ።

አሁን ደግሞ ስለ ሰውየው ልንገርሽ። እሱን ከሚስቱ በቀር ማንም ልብ አላለውም። እንቅልፍ እምቢ ብሎታል። ምግብ ሲቀርብለት አንድ ሁለቴ ጎርሶ «ጠገብኩ» ይላል። ፍየል ጠፋች ቢሉት «ትጥፋ» ይላል። በአዲሱ መንደር ማኅበር ሲጠሩት እግሬን አሞኛል ይላል፤ ወንዙን ለመሻገር ግን እግሩ ደህና ነው። ምንም ያልበደለችውን ሚስቱን ይቆጣታል። ከዚያ ጓሮ ይሄድና ተደብቆ እያለቀሰ ይቆያል። «ምን ሆነሃል?» ስትለው «ንቦቹ ናቸው» ይላታል። ምን ብትጠይቂው መልሱ ንቦቹ ናቸው።

ምን አልሽ? አዎ፣ ልጅሽን እንዴት እንደምትቆጫት ነግራኛለች። ቆይ፣ እመለስበታለሁ።

በዚያ አገር አንድ ሽማግሌ ንብ አርቢ ነበሩ። ሰውየው ወደ እሳቸው ሄዶ የማር መቁረጫ ስለት አውሱኝ አላቸው። ሽማግሌው በጥቅምት እንጂ በዚያ ወቅት ማር እንደማይቆረጥ ያውቃሉና ስለቱን ከማንሣታቸው በፊት «ምን ገጠመህ?» ብለው ጠየቁት። ነገራቸው። ሳያቋርጡ ሰሙት። ከዚያ አንድ በአንድ ይጠይቁት ጀመር።

«አውራዋ ንብ አለች?»

«አለች።»

«እጩስ፣ ገና ክንፍ ያላወጣው?»

«አለ። ያውም ጤነኛ ነው።»

«ቀፎው ሲከፈት ምን ይሸታል?»

«ምን ይሸታል፣ ማር ማር ነዋ!»

«ተመስገን» አሉ ሽማግሌው። «የገማ ነገር ቢሸት ኖሮ ሌላ መድኃኒት ነበር የምነግርህ፤ ዛሬውኑ አብሬህ እሄድ ነበር። የንቦችህ ደዌ ቀፎው ውስጥ የገባ አይደለም። ደጃፉ ላይ ነው። ቀላል ነው ግን አላልኩህም። ንብ ለዚህም ይሞታል። ለመሆኑ ጠዋት ሲወጡ አይተሃቸዋል?»

«ማታ ሲመለሱ ነው እንጂ የምጠብቃቸው።»

«ነገ ሲወጡ እያቸው። ስለቱ እኔ ዘንድ ይቆይ።»

ሰውየው በማግስቱ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አየ። ትልልቆቹ ንቦች ከቀፎው አፍ እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ነው የሚወጡት። ግራ ቀኝ የለም፣ ዞር ማለት የለም፤ በቀጥታ ወደ ወንዙ። በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ የወጡት ትንንሾቹ ግን ሌላ ናቸው። እንደ ወጡ ፊታቸውን ወደ ቀፎው ያዞራሉ። አየር ላይ ቆመው ወዲህ ወዲያ እያሉ በሩን ያያሉ፣ ጥላውን ያያሉ፣ ከዚያ ዙሩን እያሰፉ ይሄዳሉ። ማታ የሚመለሱት እነዚህ ነበሩ። ሰውየው ተነሥቶ እየሮጠ ወደ ሽማግሌው ሄደ።

«አባቴ፣ ትልልቆቹ በሩን አያዩም!»

«ለምን ይዩት? የሚያውቁት ይመስላቸዋል» አሉት። «እነሱ የሚወጡት ከአባትህ ጓሮ ነው፤ ልባቸው ገና አልተነሣም። ሩቅ አገር ብትወስዳቸው ኖሮ ሁሉም ነገር እንግዳ ስለሚሆንባቸው ቆመው ያዩ ነበር። አንተ የድሮው መንደር ከሚታይበት ነው ያኖርካቸው። በል ሂድና ቅጠሉ የበዛ ቅርንጫፍ ቆርጠህ ደጃፋቸው ላይ እሰርባቸው። ሲወጡ ይጋጫሉ። ይናደዳሉ። ግራ ይገባቸዋል። ዞር ብሎ የሚያይ ግራ የገባው ነው።»

«እንዲያም ሆኖ ማታ ወደ ዋንዛው የሚሄዱትስ?»

«ሂድና አምጣቸው! ምን ልታደርግ ነው ታዲያ? ቁራጭ የማር እንጀራ ቅርጫት ውስጥ አድርገህ እዚያ አኑርላቸው። ሲመሽ ተሰብስበው ይጠብቁሃል። ይዘሃቸው ግባ፤ በመንገድ ላይ አትስደባቸው። ማርና በሶ በውኃ በጥብጠህ ደጃፋቸው አስቀምጥ፤ እስኪበረቱ ነው፣ ዕድሜ ልክ አይደለም። ቀፎውን በየቀኑ እየከፈትክ መጎርጎሩን ደግሞ ተው። እኔም በየሳምንቱ ብቅ እላለሁ።»

ሰውየው እንደተባለው አደረገ። በመጀመሪያው ጠዋት ንቦቹ ቅጠሉ ውስጥ ተርመሰመሱ። ጩኸታቸው ጓሮውን ሞላው፤ ሁለቱ ሰውየውን ነደፉት። ቢሆንም ብዙዎቹ ከቅጠሉ ሲወጡ ፊታቸውን ወደ ቀፎው እንዳዞሩ በዓይኑ አየ። ማታ ወንዙን ተሻገረ። ከዋንዛው ሥር ያገኛቸው ከበፊቱ ያነሱ ነበሩ። በቅርጫቱ ይዟቸው ገባ። በማግስቱም ሄደ። ብርድ በሆነ ቀን ደግሞ ቁጥራቸው ተመልሶ ይጨምራል፤ ያን ቀን ልቡ ይሰበራል። ሽማግሌው ግን ብቅ እያሉ «እንዲህ ነው የሚሆነው፤ መሰላል አይደለም ወደ ላይ ብቻ የሚወጣ» ይሉታል። ቅርጫቱ እየቀለለ፣ እየቀለለ ሄደ። አንድ ማታ ባዶ ሆነ።

ታሪኩ እዚህ ያልቃል ብትዪ አልፈርድብሽም። ንቦቹ ገቡ፤ ሌላ ምን ቀረ? ሰውየው ግን በማግስቱም ማታ ቅርጫቱን አንግቦ ወንዙን ተሻገረ። ከዋንዛው ሥር ተቀመጠ። የፈረሰውን ቤት መሠረት አየ። አባቱ ይቀመጡበት የነበረውን ድንጋይ በእጁ ዳሰሰ። ሲጨልም ባዶ ቅርጫት ይዞ ተመለሰ። በሳልስቱም ሄደ። ሚስቱ ሁለት ሦስት ማታ ዝም ብላ አየችው። ከዚያ አንድ ቀን ወንዙ ዳር ወርዳ ጠበቀችው።

«ንቦቹ አልገቡም እንዴ?» አለችው።

«ገብተዋል።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«ታዲያ ቅርጫቱ ለምንድን ነው?»

ቅርጫቱን ከትከሻው አውርዶ አየው። 

«ንቦቹስ ሁሉም ገቡ» አለችው። «የቀረኸው አንተ ነህ።»

መጀመሪያ ሊቆጣ አፉን ከፈተ። ቁጣው ግን አልመጣለትም። ከውኃው ዳር ቁጭ አለና ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት አለቀሰ። «አባቴን ጥዬው የመጣሁ ይመስለኛል» አላት። «ሰው እንኳን ደስ ያለህ ሲለኝ የምወድቅ የምወድቅ ይመስለኛል። የምይዘው የለኝም።» ያችም ሴት ብልህ ናት፤ አይዞህ፣ ተው፣ ይህ እኮ ምንም አይደለም ምናምን አላለችውም። አጠገቡ ተቀመጠችና «ስለ አባትህ ንገረኝ» አለችው። እሱ ሲያወራ፣ እሷ ስትሰማ፣ መሸ።

ጠዋት ሰውየው እንደ ልማዱ አንገቱን ደፍቶ ከቤት ሲወጣ አንድ ነገር ፊቱን በጥፊ መታው።

«ይሄን ማነው የሰቀለው!» ብሎ ጮኸ።

ቅርንጫፍ ነው። ሚስቱ ከድሮው ዋንዛ ቅጠሉ የበዛውን ቆርጣ የቤቱ መውጫ ላይ አስራዋለች። ሰውየው እያሳከከው፣ ቅጠሉን ከፊቱ እየጠረገ፣ ወደ ውጭ ጥቂት ሄደና ዞር አለ። ዞር ሲልም ወንዝ ከተሻገረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤቱን አየው።

ግድግዳው ተለቅልቋል። መቼ ተለቀለቀ? ሚስቱ ብቻዋን ስትለቀልቀው የእጇ ጣቶች እስከምትደርስበት ድረስ ተቀርጸው ቀርተዋል፤ ከዚያ በላይ ያለው ለረጅም ሰው የተተወ ይመስል ደረቅ ነው። ፍየሎቹ ከጋጣው እስከ ውኃው አዲስ መንገድ አውጥተዋል። ከፊት ለፊቱ አጥር ውስጥ አንድ ሰው ቆሞ እጁን አንሥቶለታል። እሱም እጁን አነሣ።

«ዛሬ መለስክልኝ!» አለ ጎረቤቱ እየሳቀ።

«ሌላ ጊዜ ሰላም ትለኝ ነበር እንዴ?»

«በየቀኑ ነዋ! ለወንዙ ሰላም የምለው መስሎህ ነው?»

ሰውየው ሳቀ። እንዲህ የሳቀበትን ጊዜ ራሱም አያስታውሰውም። ዘወር ሲል ደግሞ ማዶ ላይ ዋንዛው ይታየዋል። ትንሽ ሆኖ፣ ግን እንደቆመ። ከዚህ ሆኖ እንደሚታይ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ልብ አላለም ነበር። በዚያ ቀን ቅርጫቱን አስቀመጠና የቀረውን ግድግዳ ለቀለቀ።

በአንድ ቀን ዳነ ብዬ አልዋሽሽም። ከዚያም በኋላ ያልተኛባቸው ሌሊቶች ነበሩ። ሽማግሌው በየሳምንቱ ሲመጡ ንቡን አይተው ሲጨርሱ ከሰውየው ጋር ይቀመጡ ነበር፤ የመጡት ለንቡ ይሁን ለሰውየው ማንም አልጠየቃቸውም። እንቅልፉ ቀስ እያለ ተመለሰ፤ ቀጥሎ ምግቡ። የጠፋችውን ፍየል ፈልጎ አመጣ። ለአባቱ መታሰቢያ ቀን ዋንዛው ሥር ሄዶ፣ ተቀምጦ፣ አልቅሶ፣ በራሱ እግር ተመለሰ። ጥቅምት ሲደርስ ከሽማግሌው ስለቱን ተውሶ ማር ቆረጠ፤ አሁን በወቅቱ ነው። የመጀመሪያው ማር የሄደው ወዴት ይመስልሻል? ያ እጁን ሲያነሣለት የኖረው ጎረቤቱ ቤት ነው፤ ሚስቱ ወልዳ ነበር።

እንግዲህ ትርንጎ፣ አሁን ወዳንቺ ልምጣ።

ያቺ ጤና ጣቢያ ያገኘሻት ሐኪም ምን አለችሽ? «ከባድ ለውጥ ሲመጣ ልብ አንዳንዴ መላመድ ያቅተዋል፤ ስም ያለው ሕመም ነው፤ በጊዜ ከተያዘ በወራት ውስጥ ይለቃል፤ በየሳምንቱ እየመጣሽ እናውራ» አለችሽ። አንቺ ደግሞ «ወሬማ ሰፈሬ ሞልቶኝ ነበር!» ብለሽ ቀረሽ። ምላስሽ ድሮም ስለት ነው። ግን ልጄ፣ ሐኪሟ ያንን ሽማግሌ ነው የሆነችው። አውራዋ አለች ወይ፣ ምን ይሸታል ብላ ነው የጠየቀችሽ። ስትሰማሽ ደጃፍሽ ላይ ቅጠል እያሰረች ነው። አላበድሽም። ምስጋና ቢስም አይደለሽም። ሰው ሁሉ ዕቃሽ ሲገባ አይቶ ገብታለች አለ። ዕቃሽ ነው የገባው።

አታልቅሺ አልልሽም። እዚያ ሰፈር ውስጥ ወልደሻል፣ ባልሽን ቀብረሻል፣ አጥር ለአጥር ጨው ተቀባብለሻል። የዕድራችን ድንኳን የት እንደገባ እኔም አላውቅ። ለዚህ ካልተለቀሰ ለምን ይለቀሳል? ነገር ግን ልጅሽ በየጠዋቱ በሁለት ታክሲ ሄደሽ የታጠረውን ቆርቆሮ ስታዪ እንደምትውዪ ነግራኛለች። ዳቦ ልገዛ ነው ትያታለሽ አሉ። ዳቦ እዚህ ሥር ይሸጣል፤ ስመጣ አይቻለሁ፣ ያውም ትኩስ ነው። አትሂጂም አልልሽም። ቅርጫቱን ይዘሽ ሂጂ። ከተበተኑት ጎረቤቶቻችን አንዷን ፈልጊና ይዘሻት ወደዚህ ነይ። እሷም የሆነ ፎቅ ላይ ተቀምጣ እንደ አንቺ ታለቅስ ይሆናል፤ ምን ታውቂያለሽ?

ሐሙስ ቀጠሮሽ ነው። እኔ ጠዋት መጥቼ ሥር እጠብቅሻለሁ፣ አብረን እንሄዳለን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። በሰዓትሽ ብዪ፣ ባይርብሽም ጥቂት ብዪ። በሰዓትሽ ተኚ፣ ባትተኚም ጋደም በዪ። ልጅሽን ስትቆጫት ደግሞ «አንቺ አይደለሽም» በያት፤ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልጋትም።

አንድ ነገር በግልጽ ልጠይቅሽ፤ አትቆጪኝ። ባልኖርስ የሚል ሐሳብ መጥቶብሽ ያውቃል? … እሺ። ራስሽን ስትነቀንቂ አመንኩሽ። ቢመጣብሽ ግን ሐሙስ እስኪደርስ አትጠብቂ፣ እኔንም አታፍሪ፤ በዚያችው ሰዓት ደውዪልኝ። ወራቱ አልፎም ካልቀለለሽ ለሐኪሟ ንገሪያት፤ ያኔ ሌላም መድኃኒት አላት። ሽማግሌው «የገማ ነገር ቢሸት ኖሮ ዛሬውኑ አብሬህ እሄድ ነበር» ያሉት ለዚህ ነው።

አሁን ተነሺና ገመድ ስጪኝ። የልብስ ማስጫውም ይሆናል። ያን ቅርንጫፍ ከብረት በርሽ ላይ ላስረው ነው። አትሳቂ። ወይም ሳቂ፣ ሳቂ፤ ሳቅሽን ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ ነው! ነገ ጠዋት ስትወጪ ፊትሽን ይመታሻል። ትናደጃለሽ፣ እኔንም ትሰድቢኛለሽ፤ ፈቅጄልሻለሁ። ከዚያ ዞር በዪና በርሽን እዪው።

ደረጃውን ስወጣ አይቼ ነው የምነግርሽ፣ ከፊት ለፊትሽ ያለው በር ላይ የሕፃን ጫማ ታጥቦ ተሰቅሏል። እናቲቱ ስገባ ሰላም ብላኛለች። አንቺንም በየቀኑ ሰላም ሳትልሽ አልቀረችም። ነገ ቅጠሉን ስታይ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ብላ መጠየቋ አይቀርም። አደራሽን በሩን ዘግተሽባት እንዳትሄጂ። ወደ ቤት አስገቢያትና «አንድ ባለ ቀፎ ሰው ነበረ» ብለሽ ጀምሪላት።